እናት ስትመሰክር

ለውድ እናቴ ለወይዘሮ ጥሩብርሃን፣

እማዬ፣ እንዴት ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? አባዬ ዓይኑን ታከመ? እኔ ደህና ነኝ፤ የናፍቆታችሁን ነገር ግን አታንሺው።

በስልክ አልወጣልኝ ያለ ነገር ስላለ ነው የምጽፍልሽ። ጦር ኃይሎች ካለው ሱቅ ሥራ ስጨርስ፣ እዚሁ ቀራንዮ ቴአትር እየተለማመድኩ ነበር። ታሪኩ አሳዛኝ ነው። በረሃብ ዘመን አንድ ወጣት የጎተራ ጠባቂን ይገድላል። ያየችው እናቱ ብቻ ናት። ምንም ያላደረገ ሰው ተይዞ ሊሰቀል ሲል እናት ትመሰክራለች። እናትየዋ እኔ ነኝ።

አዘጋጃችን ሀብተሥላሴ «ከቤቷ ስትወጣ ወስናለች» ይላል። እኔ ደግሞ «አፏን እስክትከፍት ራሷም አታውቅም» እያልኩ ስሟገተው ሰነበትኩ። ስንሟገት የማስበው ግን አንቺን ነበር። ወንድሜ ዳዊ በባጃጅ ሰው ገጭቶ ሲያመልጥ አይተሽ፣ የጎረቤት ልጅ በእሱ ፈንታ ሲታሰር ችሎት ቆመሽ እውነቱን ተናገርሽ። ዳዊ ሁለት ዓመት ሲፈረድበት በሆዴ ቂም ይዤብሽ ነበር። ይቅር በይኝ።

ቅዳሜ ዕለት ቴአትሩን መድረክ ላይ ስናቀርብ፣ ከተፈታ ወዲህ ቤት ያልረገጠው ዳዊ ከሳንሱሲ ድረስ መጥቶ አየኝ። ከመሰከርኩ በኋላ መሬት ላይ ወድቄ ጮኼ አለቀስኩ፤ ተመልካቹም አጨበጨበ። ዳዊ ግን ውጭ ጠብቆኝ «እማ እንዲህ አላደረገችም» አለኝ። ፖሊሶቹ ሲወስዱት መንገድ ዘግተሽ፣ የለበስሽውን ሹራብ አውልቀሽ ትከሻው ላይ ጣል አደረግሽለት አሉ፤ አንዲት ቃል ሳትተነፍሺ። ይህን እስከዚያ ዕለት አላውቅም ነበር።

እሁድ እኔም እንደዚያው አደረግሁ። ነጠላዬን ሳለብሰው፣ ልጄን ሆኖ የሚጫወተው ፍቅረማርያም እውነተኛ ለቅሶ አለቀሰ። አዳራሹ ውስጥ የሚያስል እንኳ አልነበረም።

እስቲ ንገሪኝ እማዬ፣ ወስነሽ ነው ከቤት የወጣሽው ወይስ ዳኛው ፊት ነው የመጣልሽ? ስትናገሪ ያየሽው ዳዊን ነው ወይስ ያንን የታሰረ ልጅ? ተጸጽተሽስ ታውቂያለሽ? ለቴአትሩ ብዬ አይደለም፤ እሱ አልቋል።

ዳዊም ጥያቄ አለው፤ ራሱ ለማንሳት አፍሮ እኔን ላከኝ። «ብመጣ በር ትከፍትልኛለች?» ይላል። እኔ «አዎ» ብለውም «ከራሷ አፍ ካልሰማሁ» አለኝ። እባክሽ ይህን አንብበሽ እንደጨረስሽ መጀመሪያ ለእሱ ደውዪለት፤ የእኔ ይደርሳል።

አባዬን ጉንጩን ሳሚልኝ። አክስቴ ገበያነሽን በጣም ናፍቃኛለች በያት። ትንሿ ኢፍቱ በትምህርቷ ትበርታ፤ ጋሽ ጉዲሳንም ሰላም በይልኝ።

ልጅሽ ሜቲ
ቀራንዮ፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.