የአባባ ዋሽንት ያለበት ክር

ጅቡቲ፣ ግንቦት 2002 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ እህቴ ለየምስራች፤

ከነልጆችሽ እንደምን ከርመሻል? እኔና ሙቀቱ ሳንሸናነፍ አለን።

በድምፅ ማኅደሩ ያረጁ የሙዚቃ ቴፕ ክሮችን እየጋገርን ነው። አትሳቂ፤ እርጥበት የጠጣ ክር ምድጃ ውስጥ በቀስታ ካልደረቀ ማጫወቻው ላይ ተጣብቆ ይላጣል። ከደረቀም በኋላ ቶሎ ካልተቀዳ ተመልሶ ይበላሻል።

ትናንት አባባ ዋሽንት የነፋበት ክር ተራው ደረሰ። ከበሮው ደህና ነው፤ ዋሽንቱ ግን ከክሩ ላይ ጠፍቷል። ቀና ስል ባልደረባዬ ሙኒራ ታለቅሳለች።

«ከበሮ ያስለቅሳል እንዴ?» አልኳት።

«ጋሼ፣ ዋሽንቱ እኮ ነው!» አለችኝ ጮክ ብላ። ዘንድሮ ሁሉን በጩኸት ነው የምታወራው፤ እዚሁ ባልባላ ሰፈር ከሚኒባስ ረዳት ጋር ስትጨቃጨቅ ያደገች ስለሆነች ይሆናል።

ድምፅ ማስተካከሉን ለእሷ ተውኩላት፤ ሰው ማልመድ ጥሩ ነው ብዬ። ቅጂውን በሹፌሩ በሽብሩ እጅ ልኬልሻለሁ።

ስልክ አትደውዪ፤ የዚህ አገር መስመር እንደ ክሩ አርጅቷል። ይልቅ ቁጭ ብለሽ ስሚና፣ አባባ የቱ ላይ ትንፋሽ እንደወሰደ፣ የቱ ላይ እንዳስረዘመ አንድም ሳታስቀሪ ጻፊልኝ።

ልጆቹን ሳሚልኝ፤ ደህና ሁኚ።

ወንድምሽ አለምሰገድ