አባዬ፣ ትልቅ ሞተር ልገዛ ነበር

አባዬ፣

ከተለየኸን ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እስከ ዛሬ ሳልጽፍልህ የቆየሁት የምነግርህ አጥቼ አይደለም። በሆዴ የያዝኩት አንድ ነገር ነበር፤ እሱን ዘልዬ ስለ ሌላው ላወራህ አልቻልኩም። አሁን ወጥቶልኛል። ስለዚህ ከቤታችን ልጀምርልህ።

እማዬ ደህና ናት። ሙት ዓመትህ ካለፈ በኋላ የንስሐ አባታችን ተቆጥተዋት ጥቁሯን አወለቀች። ጉልበቷን ያማታል እንጂ እጇ እንደ ድሮው ሥራ አይፈታም። ማሾው ዘንድሮ ሰምሮልን ታኅሣሥ ሳይገባ ወቅተን አስገባን። ቦራዋ ላም ወለደች። ጥጃው እግሩን አጥፎ ስለመጣ እጄን እስከ ክርኔ አስገብቼ አቃናሁት። «ስታምጥ ሳቢ፣ ስታርፍ እረፊ» ትለኝ የነበረው ጆሮዬ ላይ ነበር። ጥጃው ተርፏል፤ አሁን ግቢውን እየዘለለ የእማዬን ቃሪያ ይረግጥባታል።

አንተ ሠላሳ ዓመት የዞርክባቸውን ቀበሌዎች አሁን የምዞረው እኔ ነኝ። ትምህርቴን ጨርሼ እዚሁ ቀወት ወረዳ ተመደብኩ። የክትባቱን ሳጥን ከኋላ አስሬ በቀዩ ሞተርህ ብቅ ስል «ዶክተሯ መጣች» ይላሉ። አንተን የከብት ሐኪም ከማለት ዶክተር ማለት ይቀላቸው ነበር። ስሙን ከሞተሩ ጋር ወረስኩት።

ሞተር ያስተማርከኝ ቀን ትዝ ይልሃል? በጋ ነበር፤ የሮቢ ወንዝ ደርቆ አሸዋ ብቻ ቀርቶታል። ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። ፍሪሲዮኑን ቶሎ እየለቀቅኩ ሦስት ጊዜ ወደቅኩ፤ በአራተኛው ግን እስከ ማንጎው ማሳ ድረስ ሄድኩ። አንተ ጫማህን በእጅህ ይዘህ ከኋላ እየሮጥክ ትስቅ ነበር። ያየችን ጎረቤት ለእማዬ ነግራት፣ እማዬ ሁለት ቀን ሙሉ አኮረፈችህ። አንተም «የታመመ በሬ ሐኪሙ ወንድ ነው ሴት ብሎ አይጠይቅም» ብለህ ነገሩን በዚያው ዘጋኸው።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ።

ሸዋ ሮቢት ማሾ የምንሸጥለትን ሰኢድን አትረሳውም። ፍየሎቹን ስታክምለት «ወላሂ፣ ያንተን እጅ ሞት ይፈራዋል» ይልህ የነበረውን። ባለፈው ወር ማሾውን ላስረክብ ስሄድ መጋዘኑ ጥግ ሸራ የለበሰ ነገር አየሁ። ምንድን ነው ስለው ሸራውን ገፈፈልኝ። ጥቁር፣ ባለ ሺህ ሲሲ የውድድር ሞተር። ታናሽ ወንድሙ ከአዲስ አበባ ያመጣው ነው፤ ልጅ ሲወለድለት ሚስቱ «ወይ እኔ፣ ወይ እሱ» አለችውና ሞተሩን እንዲሸጥለት ለሰኢድ ተወ። «ብርቱካን፣ ይሄ ሁለተኛ ማርሽ ላይ እያለ ከተማው ያልቅበታል» አለኝ ሰኢድ እየሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ሰው የማይ ይመስል ፊቱ ቆሜ ቀረሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ከብት ስወጋ፣ ውኃ ስቀዳ፣ ቅዳሴ ቆሜ ሳይቀር ያ ሞተር ይመጣብኛል። የነገርኳቸው ሁሉ ፍጥነት ያማረኝ መሰላቸው። ለምን እንደፈለግኩት ከእኔ ሌላ የሚያውቅ አንተ ብቻ ነበርክ።

ያን የነሐሴ ጠዋት ደረትህን ይዘህ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠህ አገኘሁህ። ላብህ ይንቆረቆራል። በዚያ ጭቃ መኪና ወደ እኛ አይገባም፤ ባጃጅም ከወንዙ ማዶ፣ ከዳገቱ ጫፍ በኋላ ነው የሚገኘው። ከኋላዬ አስቀመጥንህ፤ እማዬ በመቀነቷ ወገብህን ከወገቤ ጋር አሰረችው። ወንዙን ጎድሎ ስላገኘነው ተሻገርን። ዳገቱ መሐል ላይ ግን ሞተሩ ሁለታችንን መሸከም አቃተው። ማርሽ ቀነስኩ፣ ነዳጅ ሰጠሁት፤ ጎማው ጭቃ እየረጨ በቦታው ዞረና ሞተሩ ጠፋ። አስነሣሁት፤ ደግሞ ጠፋ። ያኔ መቀነቱን ፈታሁና «አባዬ፣ ትንሽ ውረድልኝ» አልኩህ።

ወረድክ። ባዶውን ሞተር እያጓራሁ ጫፍ ላይ አውጥቼ ዞሬ አየሁህ። አንድ እጅህን ደረትህ ላይ፣ አንዱን ጉልበትህ ላይ አድርገህ ጥቂት እርምጃ ትሄዳለህ፣ ትቆማለህ፣ ደግሞ ትሄዳለህ። ሮጬ ወርጄ ደገፍኩህ። ጫፍ ላይ ስንደርስ ከንፈርህ ጠቁሮ ነበር። መልሼ ከኋላዬ አስሬህ ሆስፒታል ደረስን፤ ሐኪሞቹም ተረባርበውልህ ነበር። እኩለ ቀን ሳይሆን ሄድክ።

ለእማዬ የነገርኳት «በሞተር አደረስኩት» ብዬ ብቻ ነው። ለቀስተኛው «እንዲህ ያለች ልጅ ለሁሉም ይስጥ» እያለ ሲመርቀኝ አንገቴን ደፍቼ እሰማ ነበር። ምርቃቱ ያቃጥለኝ ነበር አባዬ። ስለዚህ ማንንም ውረድ የማይል ሞተር ፈለግኩ። ያ ጥቁር ሞተር ለአስፋልት እንጂ ለእኛ ጭቃ እንዳልተሠራ ጠፍቶኝ አይደለም፤ ነጂ ነኝ፣ ጎማውን አይቻለሁ። ግን የቆጨው ሰው የሚያውቀውን ሁሉ ይረሳል።

ሰኢድ «ሞክሪው» ብሎ ቁልፉን ሰጠኝ። ሄልሜቱን አጥልቄ ከከተማው ወጣሁና ወደ ጀውሃ የሚወስደውን አስፋልት ያዝኩ። መንገዱ ሲገለጥልኝ ነዳጅ ሰጠሁት። ሞተሩ ከሥሬ ሊያመልጠኝ ደረሰ፤ ክንዴ ተወጠረ፤ ግራና ቀኝ ያለው ማሽላ አንድ ቀለም ሆነ። ከባድ መኪኖቹን የቆሙ ይመስል አለፍኳቸው። እዚያ መሐል ከኋላዬ የተቀመጥክ መሰለኝ። ሄልሜቱ ውስጥ «አጥብቀህ ያዘኝ፣ ደረስን! ደረስን አባዬ!» እያልኩ እጮህ ነበር።

ጀውሃ መግቢያ ላይ አገዳ የተጫኑ ሁለት አህዮች ድንገት መንገዱን አቋረጡ። ፍሬን ያዝኩ። የኋላው ጎማ ተንሸራተተ፤ ሞተሩ ግራ ቀኝ ተወላግዶ አህዮቹ አፍንጫ ላይ ቆመ። ባለ አህያው ሽማግሌ ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው ቀርተዋል። ይሰድቡኛል ብዬ ስጠብቅ ቀረብ ብለው «ልጄ፣ ማን ታሞብሽ ነው?» አሉኝ።

 የታመመ የለም። የታመመው ከሞተ ዓመት አልፎታል። ይቅርታ ጠይቄያቸው ሞተሩን ወደ ዳር ገፋሁና ከመኪኖቹ መቆሚያ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ይህም ሆኖ ልብ አልገዛሁም። በማግሥቱ እማዬን ይዤ ሰኢድ ጋ ተመለስኩ። ቀብዱ የሚከፈለው የሁለታችን ድካም ከሆነው ማሾ ስለሆነ ያለ ፈቃዷ ልገዛ አልፈለግኩም። እማዬ ሞተሩን ዞራ ዞራ አየችው። ሰኢድ በርጩማ አቀረበላትና «እትዬ፣ እስቲ ከኋላ ወጥተው ይሞክሩት» አላት። የኋላ መቀመጫው ደረቷ ድረስ ከፍ ብሏል፤ ስፋቱም ከመዳፍ ብዙ አይበልጥም። በርጩማው ላይ ቆማ እግሯን ልታነሣ ሞከረች፤ አልሆነላትም። መዳፏን መቀመጫው ላይ አሳርፋ «ብርቱካን፣ አባትሽ ቢኖር የት ይቀመጥ ነበር?» አለችኝ።

ልትወቅሰኝ ብላ አልነበረም፤ ምንም አታውቅም። የመጣላትን ነው የጠየቀችው። እኔ ግን የማሾው ጆንያ ላይ ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳት፦ ዳገቱን፣ መቀነቱን እንደፈታሁት፣ ውረድልኝ እንዳልኩህ፣ ብቻህን እንደወጣኸው። ሰኢድ ድምፅ ሳያሰማ ወጣና በሩን ገጠመልን።

እማዬ አልጮኸችም። አጠገቤ ተቀምጣ የነጠላዋን ጫፍ እየጠመዘዘች «እኔም አለኝ» አለች። «ሦስት ቀን አሞት ነበር። ደረቴን ይወጋኛል ሲለኝ ሐኪም ቤት ሂድ አልኩት። ልጅቷ ገና ትምህርቷን ጨርሳ መግባቷ ነው፣ አታስደንግጫት፣ ሰንበት ይለፍና እሄዳለሁ አለኝ። እኔም እሺ አልኩት። ምነው አፌን በቆረጠው ስል ነው የከረምኩት፣ ልጄ።»

አየህ አባዬ? ዓመት ከአራት ወር አንድ ጣራ ሥር፣ ከአንድ መሶብ እየበላን፣ እሷ የእሷን፣ እኔ የእኔን ይዘን ኖረናል። አንዳችን ለአንዳችን እንዳንከብድ ስንጠነቀቅ ሁለታችንም ልንወድቅ ነበር።

አልደብቅህም፣ ያን ዕለት ክፉኛ ተቆጣሁህ። ለሰው በሬ ሙሉ ወንዝ የምትሻገር ሰው ለራስህ ደረት ሦስት ቀን እንዴት ዝም ትላለህ? ቁጣዬ ግን ብዙ አልቆየም። እማዬ ራሴን ጭኗ ላይ አድርጋ ጸጉሬን ስትደባብስልኝ ለቅሶ ሆኖ ወጣ። ለቀብርህ ያላለቀስነውን እዚያ መጋዘን ውስጥ አለቀስነው።

ሞተሩን አልገዛሁም። እንደማልገዛው ስነግረው ሰኢድ «አላህ ምስክሬ ነው፣ እንዳትገዢው ዱዓ ሳደርግ ነበር» አለኝ። ነጋዴ እንዲህ ሲል ሰምቼ አላውቅም። ከጥቂት ቀን በኋላ ሌላ ወጣት ገዛውና ወደ ጣርማ በር አቅጣጫ ይዞት ወጣ። ድምፁ ርቆ እስኪጠፋ ቆሜ ሰማሁት። አማረኝ፤ ምን እዋሽሃለሁ።

የቀዩን ሞተር ሆድ ግን አስፈታሁት። መካኒኩ ፒስተኑን አውጥቶ እያገላበጠ «በዚህ እንዴት ዳገት ትወጡ ነበር?» አለኝ። ፒስተኑም፣ ፋሻ የሚሉት ቀለበቱም ተቀየረ። አሁን እማዬን ከኋላዬ አስቀምጬ ዳገቱን እወጣዋለሁ። እሷም እዚያ ስንደርስ ወገቤን አጥብቃ ትይዘኛለች።

ባትወርድ ኖሮ ትተርፍ እንደነበር አላውቅም። ሐኪሙን ልጠይቀው ብዬ ሆስፒታሉ በር ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ። የሚነግረኝን ፈርቼ ይሁን፣ ወይም አንተን እንደማይመልስልኝ ገብቶኝ፣ እንጃ። ውረድ ስላልኩህ ይቅር በለኝ። ዝም ስላልከን እኔም ይቅር ብዬሃለሁ፤ እማዬ ደግሞ ገና ሳትጠይቃት ይቅር ብላሃለች።

ባለፈው ማክሰኞ ቆላው ውስጥ ግመል ያላቸው አንድ አዛውንት «የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ። ስምህን ስነግራቸው እጄን ይዘው አለቀቁኝም። አንድ ጊዜ ግመላቸው ታማ ጠርተውህ፣ መድኃኒት እንደማያድናት ከነገርካቸው በኋላ ሳትሄድ፣ እስክትሞት ድረስ አብረሃቸው ፀሐይ ላይ ተቀምጠህ እንደዋልክ አወሩኝ። «ማዳን ሲያቅተው ጥሎኝ አልሄደም፤ አባትሽ እንዲህ ያለ ሰው ነበር» አሉኝ።

አባዬ፣ እኔም ሆስፒታሉ ውስጥ እስከ መጨረሻው እጅህን ይዤ ነበር። ከእንግዲህ ሳስብህ ዳገቱን ሳይሆን እሱን አስባለሁ። ስምህንም ለጠየቀኝ ሁሉ፣ ከነአባትህ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ እናገራለሁ።

ልጅህ ብርቱካን