ተገኝቷል የተባለው አባታችን

ይድረስ ለወንድሜ ለአባ ወልደ ትንሣኤ፤

ከሁሉ አስቀድሜ መስቀልዎን በሩቁ ተሳልሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ብርዱን እንዴት ያዙት? ያ የጨጓራ ሕመም ተወዎት ወይስ ጾሙ ሲገባ ባሰብዎት? አባቶችስ እንዴት ናቸው? እኛ ደህና ነን ብዬ እንደ ወጉ ልጽፍ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። እማዬ አለች፣ ታናሻችን ቲቲም አለች፣ እኔም ቆሜ እሄዳለሁ። አባባ ግን ጠፍቶብናል።

የመርሳት በሽታው እርስዎ ከሄዱ ወዲህ እየባሰበት ነው። ሱቁን ከዘጋን በኋላ ሥራው በረንዳ ላይ ተቀምጦ «ወንዲ ከትምህርት ቤት አልመጣም?» ማለት ብቻ ሆነ። ወንዲ መንኩሷል፣ ጎጃም ገዳም ገብቷል ስንለው «ታዲያ ማን ሄዶ ያመጣዋል?» ይላል። እኛም እንስቅ ነበር፣ እግዜር ይቅር ይበለን። የኅዳር ሚካኤል ዕለት እማዬ ቤተ ክርስቲያን፣ እኔ ሥራ ነበርን። ቲቲ ጓሮ ልብስ ስታጥብ በሩን ከፍቶ ወጣ። ጋቢውን በቡናማ ሹራቡ ላይ ደርቦ፣ ያን አሮጌ የጭቃ ቦቲውን አድርጓል።

ጎረቤታችን ኦቦ ዋቆ ፈረሳቸውን ጭነው የሱሉልታን ሜዳ አንድም ሳይቀራቸው አሰሱልን። ሲመለሱ ባዶ እጃቸውን ነው፤ «ጀባዹ ኢንተለ ኮ»፣ በርቺ ልጄ ይሉኛል፣ እኔን ሲያጽናኑ ግን የራሳቸው ዓይን እንባ ሞልቷል። እኔና ቲቲ ደግሞ ስልክ ላይ ተተከልን። ኔትወርክ ፍለጋ ቆርቆሮ ላይ ይወጡ የነበሩት እርስዎ ቢያዩን ይገርምዎት ነበር። ያኔ ሰው ሁሉ ፌስቡክ ላይ ይገኝ ነበር፤ አሁን ተበታትኗል። ወጣቱ ቲክቶክ፣ ነጋዴው ቴሌግራም፣ ሌላው ኢንስታግራም ላይ ነው። ስለዚህ ያንኑ አንድ ፎቶ፣ ያንኑ አንድ ጽሑፍ «አባታችንን አፋልጉን» ብለን ሁሉም ጋ ለቀቅነው። የትኛውን በር ብናንኳኳ ሰው እንደሚሰማን አናውቅማ።

ሰውም አልጨከነብንም፣ እየተቀባበለ አዳረሰልን። ስልኬ ማረፍ አቃተው። ለገጣፎ ታየ ሲሉኝ ለገጣፎ እሮጣለሁ፣ እሱ አይደለም። በኋላ ከቡራዩ ሙሐመድአሚን የሚባል ባለሱቅ ደወለ። መንገድ የጠፋበት ሽማግሌ ደጃፉ ላይ አግኝቶ፣ አብልቶ አጠጥቶ አስቀምጦታል፤ ጋቢ ለብሷል፣ ስለ ልጁም ይጠይቃል አለኝ። ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ ለቲቲ ደወልኩና እያለቀስኩ «ተገኘ» አልኳት። ምን ታድርግ ያቺ ልጅ? ምስጋና ማዘግየት ነውር መሰላትና «አባታችን ተገኝቷል፣ ተመስገን» ብላ ጻፈች። እንደለመድነው፣ ሁሉም ጋ።

ቡራዩ ስደርስ አባባ አልነበረም። የሰው አባት ነው፣ በዓይኑ እንኳ አይመስለውም። ከእኔ በኋላ ብዙም ሳይቆዩ የራሱ ልጆች ከሰበታ ደረሱና አንገቱ ላይ ተጠመጠሙ። ደስ አለኝ ብዬ ለመነኩሴ አልዋሽም። ቀናሁባቸው፣ አባ። እዚያው ሱቅ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብዬ በቅናት አለቀስኩ።

ቲቲ የጻፈችውን ወዲያው አጠፋች። ያጠፋችው ግን የእኛን ነው፤ ሰው ገልብጦ የወሰደውን ማን ያጥፋው? «አልተገኘም፣ ተሳስተን ነው» ብለን እንደገና ሁሉም ጋ ጻፍን። በደስታችን የተረባረበ ሕዝብ ለእርማታችን ዞር ብሎ አላየም። ያየውም «ተገኝቷል አላላችሁም እንዴ?» ይላል፤ ገንዘብ ሊለምኑበት ነው ያለም አልጠፋ። አንደኛው መተግበሪያ እንዲያውም ተመሳሳይ ነገር ደጋግመሽ ለጠፍሽ ብሎ ገጼን ዘጋብኝ። መንገድ ላይ ሰው እያስቆመ እንኳን ደስ ያላችሁ ይለናል። እማዬ ማስረዳቱ ቢሰለቻት አንገቷን ደፍታ አሜን ትላለች።

እንኳን ደስ ያላችሁ ሊሉን ከመጡት አንዷ ቤተልሄም ናት፤ ከእኛ በታች ተከራይታ የምትኖር ሯጭ። የቲቲ ጽሑፍ በወጣ በማግስቱ ጠዋት በጎጃም መንገድ ወደ ጫንጮ ስትሮጥ አባባን አግኝታዋለች። ቦቲውን እንኳ አልረሳችውም። የደጀን መኪና በየት በኩል እንደሚገኝ ጠየቃት፣ እሷም በእጇ አሳየችው። ተገኝቷል የሚለውን ማታውኑ አንብባ ስለነበር፣ ቤተሰቡ ከኋላው እየመጣ ነው ብላ ሰላም ብላው ሩጫዋን ቀጠለች። ይህን ስትነግረን ፈገግ ብላ ነበር። የእማዬን ፊት ስታይ ነው የገባት። ምን ልበላት? ከሚያውቁት መካከል በእውነት አይታው የነበረች እሷ ብቻ ናት፤ እንድታልፈው ያደረግናት ደግሞ እኛው።

የዚያኑ ዕለት ጫንጮ ሄድኩ። አንዲት ሻይ ቤት ያለች ሴት ዳቦ ሰጥታው፣ ልጄን ከትምህርት ቤት ላመጣ ነው ብሏት፣ በእግሩ ወደ ላይ ቀጠለ አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ያየው የለም። ፍቼ ድረስ ጠየቅሁ። ከዚያ በላይ መንገዱ አስጊ ነው፣ መኪናው አንዱን ቀን ይሄዳል፣ አንዱን ቀን ይቀራል፤ እማዬም አንቺን ደግሞ አልገብርም ብላ ቀሚሴን ይዛ አስቀረችኝ። ይህን ደብዳቤ የያዘልኝ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ደጀን ለገዳሙ ተላላኪ አደርሳለሁ ብሎ ምሎልኛል።

ከዚህ በኋላ አንቱ ማለት አቃተኝ፣ ይቅር በለኝ። ወንዲ፣ አባባ ወዳንተ እየመጣ ነው። በየቀኑ ወደ መንገዱ ውጣልኝ። ከደጀን የሚመጣውን ምእመን ሁሉ ጠይቅልኝ። እዚህ ሰው ሁሉ ተገኝቷል ብሎ መፈለጉን ትቷል፤ ያን ጽሑፍ ያላየ የማውቀው ሰው አንተ ብቻ ነህ። ደክሞትና ተጎሳቁሎ ቢደርስ እንደ ነዳይ ቁራሽ ሰጥተው እንዳይሸኙት ለአባቶች ንገራቸው። አንተን ሲያይ ጺምህን አያውቀውም፣ ቆብህንም አያውቀውም። አባ ወልደ ትንሣኤ ነኝ ብትለው አልፎህ ይሄዳል። ለዓለም ሞቻለሁ ብለህ እንደወጣህ አውቃለሁ፣ ያን ቀን እማዬ ያለቀሰችውንም አልረሳሁም። ቢሆንም አንድ ጊዜ ወንዲ ነኝ በለው። ከትምህርት ቤት ወጣሁ፣ ና እንሂድ በለው። ኃጢአት ከሆነ በእኔ ይሁን።

እማዬ ጉልበትዎን ስማለች፤ ማታ ማታ በሩን እንዳንቆልፍ ትከለክለናለች። ቲቲ ሰላም ልበልዎት ብላ ጀምራ መጨረስ አቃታት፤ እህል እንድትቀምስ ይጸልዩላት፣ በእሷ ፈጽሞ እንዳያዝኑባት። ኦቦ ዋቆና ቤታቸው በሙሉ እጅ ይነሳሉ። ለአባቶች ሁሉ በየስማቸው ሰላምታዬ ይድረስ። የስልክ ቁጥሬ ከፖስታው ጀርባ አለ፤ ወደ ከተማ የሚወርድ ካለ ያስደውሉልኝ።

የአባባን ሰላምታ አልጻፍኩልዎትም። ራሱ ይዞት መንገድ ላይ ነው።

እህትዎ ማርታ ዳኜ
ሱሉልታ፣ ኅዳር 24 ቀን 2018 ዓ.ም.