የአባባ በር ቁልፍ

ለምወድሽ እታለም፣

እንደምን ከረምሽልኝ? ጤናሽ፣ ወገብሽ፣ እንቅልፍሽስ እንዴት ነው? አባባስ እንዴት ሰነበተልሽ? እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር ደህና ነኝ።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። አባባ ጡረታ ከወጣ ስንት ዘመኑ፣ አሁንም ጎህ ሲቀድ «አውቶቡሶቹን ላሰማራ» እያለ እንደሚወጣ፣ ሁለቴም ጠፍቶ እንደተገኘ አነበብኩ። በሩን ከውጭ መቆለፍ ጀምረሻል። «የመንግሥት የጸጥታ ምርምርና የቴክኖሎጂ ዕቅድ ኃላፊ አይደለሽም እንዴ? በስልክ የሚታዘዝ ቁልፍ ላኪልኝ» ብለሻል። ቁልፉማ ሞልቷል፤ ቢሮዬ መደርደሪያ ላይ ብቻ አራት ዓይነት ተቀምጧል።

ግን እኔው ያወጣሁት ደንብ አለ፤ መሣሪያ ይገዛ ብሎ ያቀረበ ሰው አስቀድሞ ራሱ ላይ ይሞክረዋል። በዚህ የተነሳ ባለሙያዎቼ ከጀርባዬ «ወይዘሮ ቅመሱ» ይሉኛል። እናም እሁድ ዕለት አንዱን ቁልፍ መኝታ ቤቴ በር ላይ አስገጠምኩና ስልኬን ለባለቤቴ ሰጥቼ፣ ብለምነውም እስከ ማታ እንዳይከፍት አስጠነቀቅኩት። እስከ ረፋዱ ሳነብ ቆየሁ። ከዚያ ሳይጠማኝ ውሃ አሰኘኝ። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ በሩን በጡጫ እደበድብ ነበር። እሱ ደግሞ ቃሉን አክባሪ ነውና ጋዜጣውን ያገላብጣል። ሳለቅስ ሲሰማ ነው የከፈተልኝ። እኔ እኮ ማን እንደቆለፈብኝ፣ ለምን እንደቆለፈብኝም አውቃለሁ፤ አባባ ግን አያውቅም፣ እታለም።

ቁልፉን አልልክልሽም። የፈረድኩብሽ እንዳይመስልሽ፤ ሸክሙን ላንቺ ብቻ ጥለን የራቅነው እኛ ነን። በሩ ሲከፈት ወጥ ቤት ድረስ የሚሰማ ትንሽ ደወል በዚህ ደብዳቤ አምጪ እጅ ልኬያለሁ። የማዕዘኑን ልብስ ሰፊና ባለሱቁን፣ አባባ ሲያልፍ በወሬ እንዲይዙልሽ ለምኛቸው። የውጪውን ቁልፍ ግን ዛሬውኑ ንቀይልኝ። ለቀረው እኔ እመጣለሁ። አለቃዬ «የአሥር ዓመቱ ዕቅድ ሊቀርብ ሲል?» ብሎ ፊቱን አጠቆረብኝ። ሥራውን ለምክትሌ አስረክቤያለሁ። ስመለስ ወንበሬን ላላገኘው እችላለሁ፤ ቅር ይለኛል፣ አልዋሽሽም።

ለባለቤትሽ፣ ለጎረምሳው፣ ለዚያች ለወሬኛዋ ልጅሽም ሰላምታዬን አድርሺልኝ። አባባን ጉንጩን ሳሚልኝ። ከሐሙስ ጀምሮ ሥራ ሲገባ አብሬው ስለምሄድ፣ ጥሎኝ እንዳይወጣ ንገሪው።

እህትሽ
ከምርምር መምሪያው ሦስተኛ ፎቅ
ግንቦት 11 ቀን