ወይዘሮ አብርሀት ሃፍተ እና ሳይሰሙት የኖሩት የድራማ መጨረሻ

ወይዘሮ አብርሀት ሃፍተ ከአባታቸው ከአቶ ሃፍተ ተስፋይ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሉላ ካሕሳይ በ1951 ዓ.ም. በወልድያ ከተማ ተወለዱ። ወላጆቻቸው ከትግራይ መጥተው በወልድያ የጨውና የእህል ንግድ የያዙ፣ በገበያው የታወቁ ሰዎች ነበሩ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ እዚያው ወልድያ ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል። ከዚያ በላይ ያልገፉት ሰንፈው አይደለም፤ አባታቸው ታመው ሱቁን የሚይዝ ሰው ስለጠፋ ነው። ይህንን ሳልጽፍ ባልፍ ይቆጡኛል፤ በሕይወት እያሉ ለጠየቃቸው ሁሉ ሳይናገሩት አያልፉም ነበርና።

በእንዲህ ያለ ጽሑፍ ላይ «ዝምተኛና ትዕግሥተኛ ነበሩ» ማለት ወጉ ነው። እኔ ልጃቸው ማህሌት ይህን ባነብ ግን እዚህ የቆመው ሁሉ በለቅሶ መካከል ይስቅብኛል። እናታችን ተናጋሪ፣ ቶሎ የሚቆጡ፣ ከዚያም ቶሎ የሚስቁ ሴት ነበሩ። ሬዲዮ ውስጥ የሚዋሽ ሰው ከሰሙ እንኳ «ተው አንተ ዋሾ!» ብለው መልስ ሳይሰጡት አያልፉም።

በ1970 ዓ.ም. የመርሳ ተወላጅ ከሆኑት ከአቶ ካሳዬ ዘውዱ ጋር በወግ በማዕረግ ተጋብተው ኑሯቸውን መርሳ ላይ መሠረቱ። ወንድሜን ዘውዱን እና እኔንም ወለዱ። አባታችን የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ፤ ከአሰብ ጭነው ይመለሳሉ። ከአሰብ ካመጧቸው ዕቃዎች ሁሉ እናታችን የወደዱት አንዱን ነው፤ ሬዲዮውን።

እሁድ ረፋድ ተከታታይ ድራማ ሲተላለፍ ቤታችን ይሞላ ነበር። መቀመጫ ያጣው ደጃፉ ላይ ይቆማል። ሬዲዮው ድምፁ ከደከመ የባትሪ ድንጋዩን ፀሐይ ላይ እናሰጣለን፤ ሞቅ ሲል ትንሽ ነፍስ ይዘራል። ተዋንያኑን አይተናቸው አናውቅም፤ ግን ማን ቁመተ ረጅም፣ ማን ወፍራም እንደሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ደግሞ እንከራከርበታለን። የዛሬ ልጆች ሁሉም ነገር በስልካቸው ተስሎ ይመጣላቸዋል። እናታችን በኋላ በከፈቱት ሻይ ቤት ውስጥ ቴሌቪዥን ሲገባ «ምስሉን እነሱ ከሠሩት እኔ ምን ልሥራ?» ብለው ነበር። ያ እሁድ ይናፍቀኛል። ያ ሁሉ ሰው እስትንፋሱን ውጦ አንድ ሳጥን ሲያዳምጥ እንደገና ባየው ደስ ይለኝ ነበር።

በ1981 ዓ.ም. ይከታተሉት የነበረው ድራማ ባልሠራው ስርቆት ስለተከሰሰ አንድ የመጋዘን ጸሐፊ ነበር። የከሰሰው አብሮ አደግ ጓደኛው ነው። ድራማው ዳኛው ፍርዱን ሊያነቡ ሲሉ ተቋረጠና መጨረሻው ለሚቀጥለው እሁድ ተቀጠረ። አባታችን በማግስቱ ወደ አሰብ ሲነሱ እናታችንን «ያለ እኔ እንዳትሰሚው» አሏቸው። እሳቸውም ቃል ሰጡ።

እሁድ ደረሰ፤ አባታችን አልደረሱም። እናታችን ቤት ሙሉ ሰው ፊት ሬዲዮውን ዘጉና «ሂዱ፣ ካሳዬ ሲመጣ ለሁለታችን አንድ ላይ ትነግሩናላችሁ» ብለው አሰናበቱ። ሰዉም ተነሥቶ መንገዱን ተሻግሮ እነ ወይዘሮ ቶይባ ቤት ገባ። ወይዘሮ ቶይባ የእናታችን ጎረቤትና የልብ ጓደኛቸው ናቸው። ድምፁ ወደኛ እንዳይመጣ በራቸውን ዘግተው፣ ሬዲዮውን ዝቅ አድርገው ለሰዉ አሰሙ።

ቆይቶ የአባታችን መኪና ለጦር ሠራዊት ጭነት ተይዛ ወደ ሰሜን ሄዳለች የሚል ወሬ መጣ። ከዚያ ወዲያ ግንባሩ መጣ፣ መንገዱ ተዘጋ፣ መንግሥት ተለወጠ። ከአባታችን ግን ደብዳቤም፣ አየሁ ባይም፣ መርዶም አልመጣም።

እናታችን ልጆች ለማሳደግ መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት ከፈቱ። ከወልድያ ወደ ደሴ የሚያልፍ ሹፌር ሁሉ ያውቃቸዋል። ለሹፌር ሻይ ሲቀዱ ከየት እንደመጣ ሳይጠይቁ አይቀዱም። መርሳም አንድ ሕግ አወጣች፤ የዚያ ድራማ መጨረሻ በአብርሀት ፊት አይነሣም። አንድ የወልድያ መንገደኛ ስለ ድሮ ድራማ ጨዋታ ደርቶለት «ያ ጸሐፊ እኮ በመጨረሻ...» ሲል፣ የወይዘሮ ቶይባ ባለቤት አቶ ኡበይደላ፣ እኒያ ቁጡ ያልሆኑ ሰው፣ ክንዱን ይዘው አስወጥተው የሻዩን ሒሳብ ከፈሉለት። መንገደኛው ምን እንዳጠፋ እስከ ዛሬ አያውቅም።

ይህ ሁሉ በፍቅር የተደረገ ነው፤ ግን የከበደውም ሰው ነበር። አያታችን፣ የአባታችን እናት ወይዘሮ ጽጌ፣ ለልጃቸው ፍትሐት ተደርጎ ተዝካሩ እንዲወጣ ዓመታት ለመኑ። ሽማግሌ ላኩ፣ የንስሐ አባት አማለዱ። እናታችን «በቁሙ ሰው አልቀብርም» ብለው አሻፈረኝ አሉ። አያታችን የልጃቸው ስም በቤተ ክርስቲያን ሳይጠራ አረፉ። እናታችንን እወዳቸዋለሁ፤ በዚህ ግን እስከ ዛሬ ያመኛል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እዚህ ሲደርስ ሰው ሁሉ ሲሸሽ ካሳዬ ቢመጣ ማን በር ይከፍትለታል ብለው ከመርሳ አልነቃነቅም አሉ። አባታችን እንደማይመጡ እኛ ካወቅን ቆይተናል። እሳቸውም ያውቁ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ማወቅ ግን አንድ ነገር ነው፣ መቀበል ሌላ።

ወይዘሮ አብርሀት ባደረባቸው የልብ ሕመም ወልድያ እየተመላለሱ ሲታከሙ ቆዩ። በመጋቢት ወር አቅም ሲያጡ ወደ ቤቴ መልሱኝ አሉን። ወይዘሮ ቶይባ ከአልጋቸው ሥር አልተለዩም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እናታችን ትራሳቸውን ከፍ አስደርገው፣

«ቶይባ፣ ያን ድራማ ንገሪኝ» አሏቸው።

ወይዘሮ ቶይባ ፊታቸው ተለወጠ። የቱን ብለው አልጠየቁም። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው «አብርሽ፣ ካሳዬ ሳይመጣ?» አሏቸው።

«አይመጣም። ንገሪኝ።»

እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። እናታችን ያን ቃል ሲያወጡ የሰማሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው። ወይዘሮ ቶይባም ያን ሁሉ ዘመን በሆዳቸው ይዘውት የኖሩትን፣ እንባቸውን እየጠረጉ፣ የዳኛውንም የጸሐፊውንም ድምፅ እያወጡ ነገሯቸው። ጸሐፊው በነፃ ተለቀቀ። ከችሎት ሲወጣ እናቱ፣ እጮኛው፣ ዘመዶቹ ደጅ ቆመው ይጠብቁታል። እሱ ግን ሁሉንም አልፎ ወደ ከሰሰው ጓደኛው ሄዶ እጁን ጨበጠው። ድራማው እዚያ ላይ አለቀ።

እናታችን ሳቁ። ድምፅ አልነበረውም፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ካሳዬ ረታኝ» አሉ። «ብሎኝ ነበር እኮ። መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ከሳሹ ነው ብሎኝ እኔ ነኝ አይሆንም ብዬ ሙጭጭ ያልኩት። ሲሄድም ተኳርፈን ነበር።»

ከዚያ ወደኔ ዞረው «የአባትሽን ስም አስጠሩለት፤ ከኔው ጋር። እማማ ጽጌን እዚያው ስደርስ ይቅርታ እጠይቃለሁ» አሉኝ።

ወይዘሮ አብርሀት ሃፍተ ሚያዝያ 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ66 ዓመታቸው በመርሳ ከተማ በቤታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል። ሐራ ላይ በእህል ንግድ የሚተዳደረው ልጃቸው ዘውዱ ካሳዬ፣ በወልድያ መምህርት የሆንኩት እኔ፣ የእናታቸውን ስም የያዘች የልጅ ልጃቸው ሉላ፣ ወንድማቸው አቶ ሰለሙን ሃፍተ፣ እንዲሁም ከእህት የማይተናነሱት ወይዘሮ ቶይባ በሐዘን ቀርተዋል። በሕመማቸው ለጠየቃችሁን፣ ከግራናም ከወልድያም መጥታችሁ ለቆማችሁልን ሁሉ ብድራችሁን አምላክ ይክፈል።

ካህናቱ በፍትሐቱ ላይ ወለተ ሥላሴ ብለው ሲጠሩ፣ ቀጥለው ገብረ መድኅን ሲሉ ብትሰሙ ተሳስተው አይደለም። የመጀመሪያዋ እናታችን፣ ሁለተኛው አባታችን ናቸው። መንገድ ያለያያቸውን እግዚአብሔር በደጁ ያገናኛቸው፤ ነፍሳቸውን በብርሃን ቦታ ያሳርፍልን። እኔና ዘውዱ ለአባታችን አልቅሰን አናውቅም፤ በቤታችን ክልክል ነበር። ዛሬ እናታችን ፈቅደውልናል።