የፋሲካ ሁለት ስሞች

ንፋስ መውጫ፣ ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ አባቴ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ክረምቱ ሲገባ ቁርጥማቱ እንደሚነሳብዎ አውቃለሁና ያን የላክሁልዎን ቅባት ሳይሰስቱ ይቀቡት፤ ሲያልቅ ሌላ እልካለሁ። እማዬስ ደህና ናት? እኅቴ ዓለምዬስ በሰላም ተገላገለች? ከዚህ በኋላ «እኔ ከናፍቆትዎ በቀር ደህና ነኝ» ተብሎ እንደሚጻፍ አውቃለሁ። ጽፌውም ነበር፤ ሰረዝሁት። ደህና አይደለሁም፤ ናፍቆቱም ዘንድሮ የለም። ተናድጃለሁ። ከሚያዝያ ወዲህ ተናድጄ እነሳለሁ፣ ተናድጄ አስተምራለሁ። ባለፈው ሳምንት አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ጠመኔ ሰበረ ብዬ እስኪያለቅስ ጮኽሁበት። የጮኽሁት በእርስዎ ላይ ነበር።

በስልክ ያልነገርሁዎ ስልኩ ያለው ፈንታሁን ሱቅ ስለሆነ ነው፤ እዚያ የተወራ እርስዎ ቤትዎ ሳይገቡ መንደሩን ያዳርሳል። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልዎ ወገዳ ጤና ጣቢያ የሚሠራው አስቻለው ነው። መነጽርዎን አድርገው ብቻዎን ያንብቡት። ዲያቆን ጠርተው አያስነብቡ። እስከ መጨረሻው ሳይደርሱም እንዳይቀድዱት።

ሚያዝያ ላይ ለመናገር ፋታ ስላልሰጡኝ ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። ከታሪክ ክበባችን ጋር ሁለት ዓመት ሲጻጻፍ የቆየው የግሪክ አገር ትምህርት ቤት ጥቅምት ላይ ደብዳቤ ላከ። «ስምንት ተማሪና ሁለት መምህር ይምጡ፣ ዐሥራ ሁለት ቀን ጥንታዊ ከተሞችን እየዞሩ ያጥኑ፣ መጓጓዣውና ማደሪያው በኛ ይሁን» አሉ። የኛ ፋንታ ልጆቹን ማዘጋጀትና ፓስፖርት ማውጣት ነበር። ለስምንት ቦታ መቶ ሠላሳ ልጅ አመለከተ። እኅቴ ፋሲካ ከአመልካቾቹ አንዷ ስለሆነች ፈተናውን በእጄ አልነካሁትም፤ ያወጣውም ያረመውም መምህር ልመንህ ነው፤ በወረቀቱ ላይ ስም የለም፣ ቁጥር ብቻ። ፋሲካ ሦስተኛ ወጣች። ልጅዎ በዝምድና የገባች እንዳትመስልዎ ነው ይህን የምጽፈው። በላቧ ነው የገባችው።

ጉዞው ሽርሽር እንዳይመስል እያንዳንዱን ልጅ አንድ ቦታ አስያዝሁት። ልጁ ቦታውን አጥንቶ፣ እዚያው ፍርስራሹ መሐል ቆሞ ለሌሎቹ ያስረዳል። የትምህርት ቤቱን ሜዳ በኖራ አስምረን ካርታ አደረግነው። የመረብ ኳሱ ምሰሶ አቴና፣ የውኃ ቧንቧው ቆሮንቶስ፣ የጥበቃው ዳስ ዴልፊ። ቢሻው የደረሰው ኦሎምፒያ ስለሆነ ተራው በደረሰ ቁጥር ካልሮጥሁ አላስረዳም ይላል። ፋሲካ የያዘችው ጳውሎስ የሰበከበትን የአቴናውን ዐለት፣ አርዮስፋጎስን ነው። ለምን እንደመረጠችው አይጠፋዎትም፤ ከልጅነቷ ጀምሮ የሐዋርያትን ሥራ ሲያነቡ አጠገብዎ ነው ያደገችው።

የወላጅ ስብሰባውን ያስታውሱታል? ከእስቴ የመጡት የቢሻው አባት አቶ ካሳ እጃቸውን አውጥተው፣ «ፍርስራሽ ለማየት ነው እንዴ ባሕር የሚሻገሩት? ፍርስራሽማ የኛም ቀበሌ ሞልቷት» ሲሉ ሰዉ ሁሉ ሳቀብኝ። ያን ቀን የደረሱልኝ እርስዎ ነበሩ። ከሲማዳ በዚያ መንገድ ተንገላተው መጥተው፣ አቧራዎን እንኳ ሳያራግፉ ተነሡ። መጀመሪያ እኔን አረሙኝ፤ ግሪክ ግሪክ አትበይ፣ በመጽሐፍ ጽርዕ ነው አሉኝ። ቀጥለውም ጳውሎስ ቆሞ ያስተማረበት ዐለት ላይ የጋይንትና የሲማዳ ልጅ ቢቆም ክፋቱ ምኑ ላይ ነው ብለው አቶ ካሳን ጠየቁ። አጨበጨቡልዎ። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ኮርቼብዎ አላውቅም። ለሴት ልጅ ትምህርት ምን ያደርጋል ሲሉዎት በሬ ሸጠው ያስተማሩኝ አባቴ ናቸው እኮ፣ እያልሁ ላገኘሁት ሁሉ አወራሁ።

ጥር ላይ የልደት ወረቀት ያውጡላት ብዬ ላክሁብዎ። ብቻዎን መዝገብ ቢሮ ሄዱ። ጸሐፊዋ የልጅዎ ስም ማን ነው አለችዎ። እርስዎም ወለተ ሥላሴ አሉ።

በዚህ አልተናደድሁም፤ ይህን ይወቁልኝ። በኋላ ምክንያቱን ሲነግሩኝ ሆዴን ነው የበላኝ። የምትሄደው ጳውሎስ ወዳስተማረበት አገር ነው፣ ገዳምም ይሳለማሉ ብለሻል፣ ወደ ክርስቲያን አገር የሚሄድ ሰው ደግሞ በክርስትና ስሙ ነው እንጂ በሰፈር ስም አይሄድም ብለው ነው። ከደስታዎ ብዛት ያደረጉት ነው። እኔም ሳላነበው ከሰባቱ ልጆች ወረቀት ጋር ደርቤ አስገባሁት፤ ያ ጥፋት የኔ ነው፣ አልክድም። የሰባቱ ፓስፖርት ወጣ። የእሷ ወረቀት ተመለሰ። መታወቂያዋም የትምህርት ማስረጃዋም ፋሲካ ይላል፣ የልደት ወረቀቷ ወለተ ሥላሴ ይላል፤ እነዚህ ሁለት ሰዎች ናቸው ተባለች። ልጅቱ የፓስፖርት ቢሮው መስኮት ፊት ቆማ፣ ሁለቱም እኔ ነኝ እያለች ስትለምን ነው የዋለችው።

ማስተካከያው አንዲት ገጽ ነበረች። አባት ይፈርምባታል፣ አለቀ። እኔና ፋሲካ ያችን ገጽ ይዘን ሚያዝያ ላይ መጣን። መኪናው ወገዳ ላይ ሲያበቃ በእግራችን ገባን፤ የፋሲካ ጫማ ተቀዶ ተረከዟ ደምቶ ነበር፣ እማዬ ናት ያጠበችላት። እርስዎ ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አነበቡት። «ወለተ ሥላሴ የሚለው ስም የልጄ ስም ያልሆነና በስሕተት የተመዘገበ መሆኑን አረጋግጣለሁ» ይላል። መነጽርዎን አወለቁ። ከዚያ የተናገሩትን ቃል በቃል ይዤዋለሁ፦ «በሰማንያ ቀኗ በእጄ ያጠመቅኋትን፣ ስሟ አይደለም ብዬ ልፈርም? ስሕተት ነው ልበል? ነገ በየትኛው አፌ ነው የሰው ሕፃን የማጠምቀው?»

አባዬ፣ ወረቀቱ የጠየቀዎ ስለ መዝገብ ነው። ስለ ጥምቀት ማንም አልጠየቀዎም። ጸሐፊዋ ሥላሴን ይካዱ አላለችዎም። ፋሲካ ብለው ያወጡላትስ ማን ናቸው? በትንሣኤ ዋዜማ ተወለደች ብለው ከቅዳሴ ሲወጡ ስሙን የሰጧት እርስዎ አይደሉም? ሁለቱም ስም ከእርስዎ አፍ ነው የወጣው፤ በሁለቱ መሐል ተሰንቅራ የቀረችው ግን እሷ ናት። ይህን ሁሉ ልልዎ አፌን ስከፍት እጅዎን አነሡብኝ። «እግዚአብሔር ካላለው ምን ይደረጋል» ብለው ወደ ማኅበር ሄዱ። እማዬ ወደ ጓሮ ወጣች። ፋሲካ ወረቀቱን ከመደቡ ላይ አንሥታ አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

የሚያንገበግበኝ ይኸ ነው። እግዚአብሔር እዚህ ውስጥ ምን አደረገ? እግዚአብሔር ሦስተኛ አወጣት። የከለከሏት እርስዎ ነዎት፤ ከከለከሉ ደግሞ እኔ ነኝ ይበሉ። አንድ ሰዓት እንኳ ቁጭ ብለው ሳያስቡ፣ ሌላ ካህን እንኳ ሳያማክሩ፣ ልጅቱ ፊት ለፊትዎ በአንድ እግሯ እያነከሰች፣ በሩን ወጥተው ማኅበር ሄዱ። ይህን ልረሳልዎ ሞክሬ አቃተኝ።

ከዚያ የሆነውን ደግሞ አላዩም። ፋሲካ አንድም ቀን በእርስዎ ላይ አላጉረመረመችም። ስንመለስ ተጠባባቂ የነበረችውን ሜላትን ጠርታ የአርዮስፋጎስ ደብተሯን ሰጠቻት። ሜዳው ላይ፣ ኖራው አቴና ካለበት ቆማ፣ አንድ በአንድ ታስጠናት ጀመር። ሜላት «አርዮፋጎስ» እያለች ስትሳሳት፣ «‹ስ›ን አትዋጪው» እያለች ሳትሰለች ታርማታለች። እኔ ከመምህራን ክፍል መስኮት አየኋቸው። የገዛ ቦታዋን ለሌላ ልጅ በትዕግሥት ስታስረክብ ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፣ አባዬ። ሃምሳ ዓመት ያለፋት ሴት ነበር የምትመስለው። ያን ቀን ነው የቆረጥሁት።

አሁን ያልሰሙትን ልንገርዎ። ያች ገጽ ግንቦት 3 ቀን መዝገብ ቢሮው ገብታለች። ተፈርማ ነው የገባችው። ስምዎ አለባት፤ ቅስናዎ አለ፤ ሁልጊዜ ከስምዎ በፊት የሚያስቀድሟት ትንሿ መስቀልም አልቀረችም። የመስቀሏ አግድም ትንሽ ተንቀጥቅጧል። ጸሐፊዋ የሽማግሌ እጅ ነው ብላ ሳትጠራጠር ማኅተም አሳረፈችበት። እኔም አዎ፣ ሽማግሌ ናቸው አልኋት።

ፓስፖርቱ ሐሙስ ዕለት መጣ። ፋሲካ ስሟን ስታነብ ምን እንዳለች ያውቃሉ? ደስ አለኝ አላለችም። «አባቴ ይህን ፈረሙልኝ?» ብላ ተቀመጠች። ምን ያህል እንደከበደዎ ከኔ ይልቅ ገብቷታል። ለኔ ሲሉ ከራሳቸው ጋር ተጣሉ፣ እኔ ይህን ውለታ በምን እመልሳለሁ እያለች አለቀሰች። እኔ አጠገቧ ቆሜ አንዲት ቃል አልተነፈስሁም። ደስ ይበልዎ፤ ዛሬ ፋሲካ ከምድር ሰው ሁሉ አብልጣ የምትወደው እርስዎን ነው። ያልከፈሉበትን ፍቅር አገኙ። እኔ እንዲህ ተወድጄ አላውቅም።

ቅዳሜ ትመጣለች። ለምን እንደምትመጣ ገብቶዎታል። ጉልበትዎን ስማ ልታመሰግንዎ ነው። አርዮስፋጎስ ላይ ቆማ የምትናገረውንም ለእርስዎ አስቀድማ ልታሰማዎ ተዘጋጅታለች፤ ደብተሩን ከሜላት መልሳ ወስዳ ከዚያ ቀን ወዲህ ስታጠና ነው የምትውለው። ይህን ደብዳቤ ያስቸኮልሁት ከእሷ ቀድሞ እንዲደርስዎ ነው።

እኔ አልፈረምሁም ካሏት አትሄድም። የእርስዎ ልጅ ናት፤ ፓስፖርቱን በእጇ ይዛ መጥታ ትመልስልኛለች። እኔ ከሥራዬ እባረራለሁ፤ መታሰርም አይቀርልኝም፤ የኔን ግን ይተዉት፣ ዐውቄ የገባሁበት ነው። እሷ ግን የእርስዎንም የኔንም በአንድ ቀን ታጣለች። ዝም ካሉ ደግሞ ሐምሌ 3 ቀን ከሰባቱ ጋር ትሳፈራለች። በእጅዎ ያለው ይኸ ብቻ ነው፤ አሁን እግዚአብሔር ካላለው የሚባል ነገር የለም።

ካህን ነዎትና ይዋሹ አልልዎትም። ስታጎነብስ መስቀልዎን አውጥተው ያሳልሟት። መስቀል የሚያሳልምን ካህን ማን ምን ይጠይቀዋል? ከዚያ አንብቢልኝ ይበሏትና ዝም ብለው ያድምጧት። ካስፈለገ አማርኛዋን ይረሟት። እንዲያ ሲያደርጉ እኔ ሚያዝያን እተወዋለሁ፤ ቢያንስ ልተወው እሞክራለሁ።

የንስሐ አባቴ ንፋስ መውጫ እንዳሉ ያውቃሉ። ለዚህ ነገር ግን እሳቸው ዘንድ አልሄድም። ያጠፋሁት በእርስዎ ላይ ነውና ቀኖናዬን የምቀበለው ከእርስዎ ነው። ስግደትም ይሁን ጾም፣ ዓመትም ይሁን ሁለት ዓመት፣ አልከራከርዎትም። በወረቀት ጽፈው አሽገው በፋሲካ እጅ ይላኩልኝ። ከታችም ይፈርሙበት፤ አንድ እርስዎ ራስዎ የፈረሙት ወረቀት እኔም ዘንድ ይኑር።

ዕድሜና ጤና አይጉደልብዎ። እማዬን በሁለቱም ጉንጯ ይሳሙልኝ፣ የዓለምዬንም ሕፃን። ንዴቴ ገና አልበረደም፤ ቡራኬዎን ግን አይንፈጉኝ።

ታላቋ ልጅዎ