ብስክሌቱ የማን ነው?

ማክሰኞ፣ ግንቦት 3

በዚህ ከተማ እንደ እኔ ፈጥኖ የሚያነብ የለም። … እሺ፣ ከተማው ይቅር። ከማታ ክፍላችን። … እሱም ይቅር፣ ከአግዳሚ ወንበራችን። አግዳሚው ላይ የምንቀመጠው ሁለት ነን። ያኛው ዛሬ አልመጣም።

ጻፍ ያሉኝ እማማ ናቸው። «በየቀኑ ትንሽ ትንሽ። ለራስህ። ማንም አያየውም።» ማንም የማያየውን ለማን ብዬ ላሳምረው? አልኳቸው። ሳቁ። «አታሳምረው፤ እውነቱን ጻፍ።» እውነት እኮ ብቻውን ያንቃል እማማ… አልሰሙኝም፣ ጥቁር ሰሌዳውን እያጠፉ ነበር።

እንግዲህ እውነቱ። የሚስዮኑ ግቢ ዘበኛ ነኝ፣ አትክልተኛም ነኝ። ሚስዮናውያኑ ባልና ሚስት፣ እማማና አባባ፣ በዚህ ወር ጠቅልለው ወደ አገራቸው ይገባሉ። አርጅተዋል። እዚህ ሲመጡ የሁለቱም ጸጉር ጥቁር ነበር ይባላል፤ እኔ አልደረስኩበትም። እማማ የማታ ክፍሉን ያስተምራሉ። አባባ ይሰብካሉ፣ በሽተኛ ይጠይቃሉ። በብስክሌት።

ብስክሌቱ የእኔ ነው። ወንዙ የሞላ ዓመት አባባን ከነብስክሌታቸው ተሸክሜ አሻግሬያለሁ። … ብስክሌቱን ማለቴ ነው። አባባ በገዛ እግራቸው ነው የተሻገሩት። ማዶ ቆመው ሱሪያቸውን እየጨመቁ «ወደ አገሬ ስገባ ይሄ ያንተ ነው» አሉኝ። አለቀ። «አባባ ካለ፣ አለ ነው» ይላል ሰፈሩ። ለክሊኒኩ ቆርቆሮ አመጣለሁ ብለው በዚያ ዝናብ፣ በዚያ ጭቃ አምጥተዋል።

ሚስቴ ከአሁኑ ከበሩ ጀርባ ቦታ ለቃለታለች። ቲማቲሟን ገበያ የምታደርሰው በጀርባዋ ነው፤ ከእንግዲህ በብስክሌት ነው። «አንተ ውጭ ታድራለህ እንጂ እሱ ይገባል» አለችኝ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 4

ሣር አጨድኩ። ሙቀቱ ቆርቆሮ ያቀልጣል። የብስክሌቱን ሰንሰለት ዘይት ቀባሁ። ለገዛ ንብረት መልፋት ደስ ይላል።

ዓርብ፣ ግንቦት 6

የሰፈሩ ልብስ ሰፊ በር ላይ መጣ። ሜትሩ እንደ ወትሮው አንገቱ ላይ።

«አንተ አያልቅበት! ብስክሌቱን ዛሬ ልውሰደው ወይስ ሲሄዱ?»

(ስሜ ሌላ ነው። ወሬ አያልቅበትም ብለው ነው ያወጡልኝ። ቅናት ነው።)

«የትኛውን ብስክሌት፣ ጋሼ?»

«የአባባን ነዋ! እሑድ ሰጡኝ። በአፋቸው።»

ሳቅ አፈነኝ። «ጋሼ፣ እርስዎ እኮ የለመዱት የትም የማይሄድ ፔዳል ነው። ቀን ሙሉ ይረግጣሉ፣ ማታ ያው ወንበርዎ ላይ ነዎት።»

አልሳቀም። ይሄ ሰውዬ ምን ነካው? የምሩን ነው እንዴ…

ቅዳሜ፣ ግንቦት 7

የባሰ አታምጣ።

የክሊኒኳ አዋላጅ፣ ሲስተር፣ ብስክሌቱን ስትዳብስ አገኘኋት። ኮርቻውን ዝቅ ማድረግ ይቻል እንደሆነ ጠየቀችኝ። ለምን? ስላት፣ «አባባ ባለፈው ወር ለእኔ ሰጡኝ። ለምጥ ሲጠሩኝ በእግሬ ሳዘግም ልጁ ቀድሞኝ ይደርሳል።»

አንድ ብስክሌት፣ ሦስት ጌታ።

አባባ ዋሹ? … አባባ? ፀሐይ በምዕራብ ወጣች ቢሉኝ ይቀለኛል።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 10

ራሳቸውን ጠየቅኩ። በረንዳ ላይ ጫማቸውን እያሰሩ ነበር።

«አባባ፣ ብስክሌቱን ለማን ነው የሰጡት?»

«ላንተ ነዋ! ያኔ ወንዙ ማዶ… ረሳኸው?» ብለው ጉልበቴን መቱኝ።

እፎይ አልኩ። ለጽጌረዳዎቹ ውሃ ቀድቼ ተመለስኩ። አባባ ተነስተው ብስክሌቱ አጠገብ ቆመዋል። እጃቸው ኮርቻው ላይ ነው።

«ይሄ የማን ነው?» አሉኝ። «ሰው ረስቶት ሄዶ ይሆናል። ባለቤቱን ፈልገህ ስጠው።»

ቀልድ መሰለኝ። ቀልደኛ ሲቀለድበት ያውቃል፤ ሳቁን ጠበቅኩ። ሳቅ የለም። ዓይናቸው የእውነት ይጠይቀኛል። የአንድ ጫማቸው ክር ሳይታሰር ተንጠልጥሏል።

ዞር ስል እማማ በሩ ላይ ናቸው። አጎበሩን ግማሽ አጥፈው ይዘውታል። እንዳየሁ አዩ።

ከጓሮ ጠሩኝ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እማማ?»

«ካለፈው ክረምት በፊት። የድሮውን አይረሳም። ስብከቱን አይረሳም። የሚጠፋበት የትናንቱ ነው።»

«የምትሄዱትም ለዚህ ነው?»

«ለዚህ ነው።»

አጎበሩን ደረታቸው ላይ አቀፉት።

«እሑድ ስንብት አለ» አሉ። «አንድ እሑድ ብቻ። ሰው እንደሚያውቀው ሆኖ ይሂድልኝ። ለማንም እንዳትናገር።»

«አፌን ቆልፌያለሁ።»

«አንተ?» አሉኝ። ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ እሳቸው አጎበሩን እንደገና ከመጀመሪያው ማጠፍ ጀመሩ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 12

የፈራሁት ደረሰ። ልብስ ሰፊውና ሲስተር ግቢው በር ላይ ተገናኙ። አንዱ «የእኔ» ሲል፣ አንዷ «የእኔ» ስትል…

«አየሽ?» አላት። «ሰው ሲሄድ ነው የሚታወቀው። አንዱን ነገር ለሁላችንም እያሳዩ ሲያስጨበጭቡን ከርመዋል!»

«ጋሼ፣ ይተዉ። ነውር ነው።»

«ነውሩስ የእሳቸው ነው! እሑድ በጉባኤው ፊት ተነስቼ ባልጠይቃቸው እኔ ሰው አይደለሁም። አባባ ካለ አለ ነው፣ አይደል የሚባለው? እስቲ ይበሉና እንስማ።»

ቀልድ ጣልኩላቸው። ብስክሌቱን ለሦስት ቆርጠን፣ ለጋሼ ፔዳሉን፣ ለሲስተር ጎማውን፣ ለእኔ ደወሉን፣ ጯሂ ስለሆንኩ… ማንም አላነሳውም። እንዳለ መሬት ላይ ቀረ።

በሰው ሁሉ ፊት ቢጠየቁ ምን ይሆናሉ? ያን ዓይናቸውን አይቼዋለሁ። ሌላ ሰው እንዲያየው አልፈልግም።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 14

ታመዋል ብል ለእማማ የገባሁትን ቃል እበላለሁ። ዝም ብል ሰውዬው ይነሳል። ልለምነው ሄድኩ። «ምን አገባህ፣ አንተ ዘበኛ?» አለኝ፤ መርፌውን በጥርሱ ይዞ።

አንድ ነገር ታየኝ። አልወደድኩትም።

ሚስቴ ዛሬም ከበሩ ጀርባ ጠረገች።

እሑድ፣ ግንቦት 15

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። መስኮቱ ሁሉ ተከፍቶም ሰው በወረቀት ያራግባል። አባባ ሰበኩ። አንዲት ቃል አልሳቱም። እማማ ከፊት ወንበር ሆነው ከንፈራቸው አብሮ ይንቀሳቀሳል፤ ቢጠፋባቸው ለማቀበል። አልጠፋባቸውም።

ከዚያ ሻይ ተቀዳ። ከዚያ ልብስ ሰፊው ተነሳ።

«አባባ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። ያን ብስክሌት ለማን ነው የሰጡት?»

ሻይ የሚያማስለው ማንኪያ ሁሉ ቆመ። አባባ ፈገግ አሉ። ከዚያ እማማን አዩ። እማማ ብርጭቆውን አስቀመጡ…

«እኔ ነኝ!» አልኩ። ከበሩ ሥር፣ ቆሜ።

ሁሉም ዞረ።

«አባባ ብስክሌቱን መጀመሪያ የሰጡት ለሲስተር ነው። እኔ ሄጄ፣ ሲስተር አልፈልግም ብላለች፣ ትፈራለች አልኳቸው። ለጋሼ ሰጡ። ጋሼን ደግሞ ጉልበቱን ያመዋል፣ ትቶታል አልኳቸው። ዞሮ ዞሮ ለእኔ እንዲቀር ነው። አባባ ያመኑት እኔን ነው።»

አለቀ። ከዚያ በላይ አልነበረኝም።

ልብስ ሰፊው «አላልኩም? ይሄ አያልቅበት!» አለ። አንተ ነህ ያልከው ጋሼ? አንተማ አባባን ነበር የወቀስከው… በሆዴ ነው ያልኩት። አንዷ እናት «የቤተ ክርስቲያን ዘበኛ ሆኖ!» አለች። ከኋላ ሳቅም ነበር። ሚስቴ ከሴቶቹ መሃል ነበረች። አላየኋትም። ማለቴ… እንዳላያት አደረግኩ።

አባባ ትክ ብለው አዩኝ። «ይሄ ጥሩ ሰው ነው» አሉ። ሰዉ ከንፈሩን መጠጠ፤ ለዚህም ለሌባ ያዝናሉ፣ ምን ዓይነት ቅን ሰው ናቸው እያለ።

ብስክሌቱን ሲስተር ወሰደች። እማማ ለልብስ ሰፊው የማታ ክፍሉን ሰፊ ጠረጴዛ ሰጡት፤ ጨርቅ መቁረጫ ይሆነዋል። ይቅርታ ጠየቃቸው። አባባንም ጠየቀ፤ እጃቸውን ስሞ። አባባ ለምን እንደሚሳሙ ሳያውቁ ጭንቅላቱን ዳበሱት።

ማታ በሩ ላይ ሳለሁ እማማ መጡ። አጠገቤ ቆሙ።

«አያልቅበት» አሉኝ፣ «ዛሬ አጭር ተናገርክ።»

«ደከመኝ እማማ።»

እጄን ይዘው ቆዩና ገቡ።

ሰኞ፣ ግንቦት 16

ሚስቴ ከትናንት ጀምሮ አላናገረችኝም። ጠዋት ቲማቲሟን ጀርባዋ ላይ ስታዝል ላግዛት ስጠጋ፦

«አንተ ሰውዬ። አንተ ስትዋሽ ታሳምራለህ። ትናንት አላሳመርክም።»

«እንዴት?»

«ሌላ ጊዜ ቢሆን ሲስተርን ከብስክሌት ላይ ታስወድቃት፣ ጋሼን ገደል ትከተው ነበር። ትናንት ቁርጥ ቁርጥ አድርገህ ጨረስከው። ማንን ነው የሸፈንከው?»

ይህቺን ሴት ማን አመጣብኝ! ቃሌን ገብቻለሁ፣ ምን ልበላት?

«ስንት ዓመት እውነት ስነግርሽ አላመንሽም። አሁን ብዋሽ ደግሞ አታምኚም። በምን ልኑር?»

ገመዱን አጠበቀች። «ያ ከበሩ ጀርባ ያለው ቦታ» አለች፣ «ለአንተ ይሁን። ስታኮርፍ ትቀመጥበታለህ።» ሄደች። ጥግ ላይ ስትደርስ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ሳቅ ነው። ሳቅ መሰለኝ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 18

ሄዱ።

መኪናው በማለዳ መጣ። ሁለት ሻንጣ ብቻ። ያን ያህል ዘመን ኖረው ሁለት ሻንጣ። ሁለቱንም በአንድ እጄ አነሳኋቸው። … እሺ፣ በየተራ።

አባባ መኪናው ውስጥ ገብተው መስኮቱን ዝቅ አደረጉ። እጄን ያዙኝና እንደ ድሮው ጮክ ብለው፦ «አያልቅበት! ሰንሰለቱን ዘይት ቀባኸው?» አሉኝ። ቀብቻለሁ አባባ አልኩ። ሳቁ። እማማም ሳቁ። በሩን ከፈትኩ፣ መኪናው ወጣ፣ በሩን ዘጋሁ።

ዓርብ፣ ግንቦት 20

ቤቱ ባዶ ነው። መስኮቶቹን ከፍቼ አናፈስኩ። አጎበር የተሰቀለበት ምስማር ብቻ ቀርቷል። ጽጌረዳዎቹን አጠጣሁ፤ ማንም አጠጣ ባይለኝም።

ከሰፈሩ ሰላም የሚለኝ ቀንሷል። ትናንት ባለሱቋ ሣንቲሟን ከባንኮኒው ላይ ሰብስባ ነው ያናገረችኝ። አንድ ልጅ «ውሸታሙ ዘበኛ» ብሎኝ ሮጠ። ድሮም ይሉኝ ነበር፤ ድሮ ግን እየሳቁ ነበር። ይለመዳል… ይለመዳል?

«አባባ ካለ፣ አለ ነው» ግን እንዳለ አለ። ዛሬ ልብስ ሰፊው አዲሱ ጠረጴዛው ላይ ጨርቅ ዘርግቶ ለአንድ ደንበኛ ሲለው በጆሮዬ ሰማሁ።

ከሰዓት በኋላ ሲስተር ብስክሌቱን እየገፋች መጣች። ሰንሰለቱ ወልቆባታል። «ወደ አንተ ባልመጣ ደስ ባለኝ፣ ሌላ የሚያውቅ ጠፋ» አለችኝ። እውነቷን ነው። መልሼ ገጠምኩት፣ ዘይት ቀባሁት። ትናንት ወንዙ አጠገብ መንታ አዋልዳለች። ቀድማቸው ደርሳለች። ስትወጣ ዞር ብላ «አመሰግናለሁ» አለች፤ እንደ መቆጣት አድርጋ።

አሁን አንድ ነገር። እማማ እውነቱን ጻፍ ብለውኛል። ከላይ የጻፍኩትን ሁሉ መልሼ አነበብኩ። ጉራ አለበት፣ ጉራውን ግን እዚያው መልሼዋለሁ። አንድ ቦታ ብቻ አልመለስኩም። የሄዱበት ረቡዕ።

አባባ «አያልቅበት» ብለው አልጠሩኝም። ስለ ሰንሰለቱም አልጠየቁኝም። እኔ ነኝ የፈጠርኩት።

የሆነው እንዲህ ነው። በመስኮቱ አዩኝ፣ እንደ እንግዳ ሰው እጃቸውን ዘረጉልኝ። «እንተዋወቅ፣ ስምህ ማን ነው?» አሉ። እማማ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ቀደምኳቸውና ስሜን ነገርኳቸው። ትክክለኛውን፣ እናቴ ያወጣችልኝን። ምንም አልጨመርኩበትም።

«የምትኖረው ሩቅ ነው?»

«ትንሽ ይርቃል፣ አባባ።»

«ብስክሌት አለህ?»

«የለኝም።»

አሰቡ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እማማ እንዳይሰሙ ይመስል፦ «ወደ አገሬ ስገባ» አሉኝ፣ «የእኔን ውሰድ።»

የረሱት እኔን ነው እንጂ ቃሉን አልረሱትም።

«እሺ አባባ» አልኳቸው። በሩን ከፈትኩ።